ያልጠየቃችሁትን መልስ አትጻፉ

ለሙያ ባልደረቦቼ፣

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ፋርማሲስት ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ እንግሊዝ አገር ፋርማሲስቶች የታካሚውን መድኃኒት ሲገመግሙ የሚሞሉትን ቅጽ ይላኩልኝ፤ እኛም መድኃኒት ቤታችን ውስጥ ልንጀምር ነው» አለኝ። ቅጹን ማግኘቱ አልከበደኝም፣ አሮጌ ማኅደሬ ውስጥ አለ። መላኩ ነው የከበደኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ዛሬ እልክልሃለሁ» እያልኩ አቆየሁት። ምክንያቱን በስልክ ልነግረው አፌ አልታዘዘልኝም፤ ስለዚህ ጻፍኩት። የጻፍኩት ለእሱ ብቻ አይደለም። እንደ እኔ እዚህ እንግሊዝ አገር ባንኮኒ ጀርባ ቆማችሁ ፀጉራችሁን ያሸበታችሁም፣ ትናንት የምዝገባ ፈተናውን አልፋችሁ ነጭ ጋዋን የለበሳችሁም አንብቡት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። በእንግሊዝ በኤፕሪል 2005 የመድኃኒት ቤቶች አዲስ ውል ሲጀመር የመድኃኒት አጠቃቀም ግምገማ የሚባል አገልግሎት አብሮ መጣ፤ እኛ በእንግሊዝኛ ፊደሎቹ «ኤም.ዩ.አር.» እንለው ነበር። ፋርማሲስቱ ብዙ መድኃኒት የሚወስድ ታካሚን ለብቻው ያስቀምጥና መድኃኒቶቹን እንዴት እንደሚወስድ፣ ለምን እንደሚወስዳቸው ያውቅ እንደሆነ፣ ምን እንዳስቸገረው ይጠይቅ ነበር፤ የሰማውንም ይመዘግብ ነበር። መጠን መቀየር አልነበረም፣ እሱ የሐኪሙ ሥራ ነበር። «ግምገማ» ስል ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ትዝ ብሏችሁ እንዳትደነግጡ፤ እዚህ ሰውየው አይገመገምም።

ደንቡ ክፉ አልነበረም። የምክክሩ ቦታ ሁለት ሰው ተቀምጦ በተለመደው ድምፅ ሲያወራ ሌላ ሰው የማይሰማበት መሆን ነበረበት። ታካሚው ቢያንስ ሦስት ወር የዚያ ቤት ደንበኛ ሆኖ የቆየ፣ ግምገማውም በመደበኛው በዓመት አንድ ጊዜ፣ መዝገቡ ሁለት ዓመት የሚጠበቅ። ክፍያም ነበረው፤ ኋላ ላይ ለእያንዳንዱ 28 ፓውንድ ደርሷል። ለአንድ መድኃኒት ቤት በዓመት የሚከፈለው ከ400 ግምገማ እንዳይበልጥ ተገድቦ ነበር። 400 ማለት ጣሪያ ነው፤ ከዚህ በላይ አትውጡ ማለት ነው። ሰው ግን 28ን በ400 አባዛና 11,200 ፓውንድ አገኘ። ከዚያ ወዲያ በብዙ ቤት 400 ያልሞላ ፋርማሲስት ሰነፍ ተባለ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

በማርች 2008 እሠራበት የነበረው መድኃኒት ቤት ከ400 ጥቂት ጎድሎት ነበር። የሒሳብ ዓመቱ ማርች 31 ይዘጋል። ከበላይ በየቀኑ ይደወላል፤ «ዛሬ ስንት?» የሚለው ጥያቄ እንደ ሰላምታ ሆኖብኝ ነበር። የዚያ ዓመት ፋሲካ ኤፕሪል 27 ላይ ስለዋለ ሁዳዴም በማርች መጀመሪያ ገብቷል።

ሰባ ዓመት የተሻገሩ አንዲት የአገሬ እናት ደንበኛዬ ነበሩ። የልብ ምት መዛባት ስላለባቸው ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪንን ይወስዳሉ፤ ወር በገባ ቁጥር ከእኔ ዘንድ ነው የሚቀበሉት። ስሜን ጠርተውት አያውቁም፣ «ልጄ» ነው የሚሉኝ። ያን ቀን ሲመጡ ባንኮኒው ፊት ስድስት ሰው ተሰልፏል፤ የምክክር ክፍሉ ደግሞ በዕቃ ካርቶን ተሞልቷል። ከረጢቱን እያቀበልኩ፣ «እማማ፣ መድኃኒቱ እንዴት ነው፣ ይስማማዎታል?» አልኳቸው።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን።»

«በሰዓቱ ይወስዱታል?»

«ተመስገን።»

ይኸው ነው። ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

ማታ መዝጊያው ከወረደ በኋላ ቅጹን አወጣሁ። «መድኃኒቱን እንደታዘዘው ይወስዳሉ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። የጎንዮሽ ችግር፣ የለም። ከታች ማስታወሻ የሚጻፍባት ክፍት ቦታ ነበረች፤ ባዶ መስመር የተቆጣጣሪ ዓይን ይስባል ብዬ «የአመጋገብና የአወሳሰድ ለውጥ የለም» ስል ሞላኋት። ፈረምኩ። አንዱን ቅጂ ፋይላችን ውስጥ አኖርኩ፣ ሌላውን ለቤተሰብ ሐኪማቸው፣ ለጂፒያቸው፣ ላክሁ። ያን ማታ እንዲህ ያሉ አራት ቅጾች ሞልቼ ቤቴ ገባሁ፤ ቁጥሩም ተመዘገበልኝ።

ያልጠየቅኩት ምን ነበር? እማማ ጾመኛ ናቸው። ቁርስ የለም፤ ቅዳሴ ወጥቶ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው እህል የሚቀምሱት፤ ጠዋት ይወስዱት የነበረውን ኪኒንም ከጾሙ ጋር አብረው ገፍተውታል። የሚቀምሱት ደግሞ ሁልጊዜ ጎመን ነው። ጎመን በቫይታሚን ኬ የተሞላ ነው፤ ዋርፋሪን ደግሞ የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ሥራ በማደናቀፍ ነው። ጎመኑ በአንድ ጊዜ ሲበዛ የመድኃኒቱ ጉልበት ይደክማል። ይህን ለእናንተ ማስረዳቴ ለደንቡ ነው፤ ተማሪም ያውቀዋል። እኔም አውቅ ነበር። እንዲያውም የዚያን ዕለት ምሳ ዕቃዬ ውስጥ የነበረው ጎመን በእንጀራ ነው፤ እኔም ጾም ላይ ነበርኩ።

በሁዳዴ አጋማሽ የእማማ የደም መርጋት መለኪያ ቁጥር (አይ.ኤን.አር.)፣ ከ2 እስከ 3 መሆን የነበረበት፣ ከ2 በታች ወረደ። የጂፒያቸው ክሊኒክ ነርስ በልጃቸው አስተርጓሚነት «አዲስ ነገር አለ?» ስትል ጠየቀቻቸው። «ምንም የለም» አሉ። አልዋሹም። ጾም ለእሳቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በየዓመቱ ሲመላለስ የኖረ ነው። ነርሷ ፋይሉን ገለጠች፤ የእኔን ቅጽ አገኘች። የአገራቸው ሰው፣ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ፋርማሲስት «የአመጋገብ ለውጥ የለም» ብሎ ፈርሞበታል። መጠኑ ተጨመረ፤ ቁጥሩ ተስተካከለ፤ ስለተስተካከለም ቀጣዩ ቀጠሮ ራቅ ተደረገ።

ፋሲካ ደረሰ። ጎመኑ ቀረ፣ ዶሮ ወጥና ቅቤ ገባ፤ የተጨመረው መጠን ግን ባለበት ቀጠለ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አንድ ሌሊት እማማን ነስር ያዛቸው፣ አልቆም አለ። ልጃቸው አምቡላንስ ጠራች። ሆስፒታል ሲለካ ቁጥሩ ከ6 በላይ ነበር።

ተርፈዋል። በማግስቱ ነርሷ ደወለችልኝ። አልጮኸችም፣ እከስሃለሁም አላለችም። «እኛ እኮ ቅጽህን አምነን ነው» አለችኝና ስልኩን ዘጋች።

ወገኖቼ፣ ያ መስመር ባዶ ቢሆን ኖሮ ነርሷ ባዶነቱን አይታ ትጠይቅ ነበር። ወይም ልጃቸውን «ምን ይበላሉ?» ትላት ነበር። እኔ ጥያቄውን ገደልኩት። የተሞላ መስመር ማንም ዳግመኛ አይጠይቀውም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉትን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል፤ የመጻፍ ውዳሴ ነው ብለን ነው የተማርነው። እኔ በዚያ ማታ ያወረስኩት ግን ያልተነገረ ቃል ነው። ነርሷ ወረሰችው፣ ሐኪሙ ወረሰው፣ የመጨረሻዋ ወራሽ እማማ ሆኑ።

ሥልጠና ላይ ሁላችንም «ያልተጻፈ አልተሠራም» እየተባልን ነው ያደግነው። እውነት ነው፣ አልክድም። የእኔ ስጋት ከዚህ የተገላበጠው ነው፤ ተጽፎ ያልተሠራው።

የናርኮቲክ መዝገብ እንዴት እንደምንይዝ አስቡ። እዚህ አገር ሕጉ ምንም ሰበብ አይቀበልም። የወረቀት መዝገብ ከሆነ በማይለቅ ቀለም ይጻፋል፤ የገባና የወጣው በዕለቱ፣ ካልሆነም በማግስቱ ይመዘገባል። ስትሳሳት መሰረዝ፣ መፋቅ፣ ደርቦ መጻፍ ክልክል ነው፤ ሕዳጉ ወይም ግርጌው ላይ ቀን ጠቅሰህ ታርማለህ፣ ስሕተቱም እንደነበረ ይታያል። መዝገቡ ከመጨረሻው ምዝገባ ጀምሮ ሁለት ዓመት ይጠበቃል። አንዲት የሞርፊን አምፑል ብትጎድል ሳናገኛት ወደ ቤት የሚሄድ ማን አለ? ቁም ሣጥኑን እናራግፋለን፣ ቆሻሻ ቅርጫቱን ሳይቀር እንገለብጣለን። የሰው ቃል ሲጎድል ግን ከራሳችን እንሞላለን። እኔ ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምናልባት አምፑሏ ስለምትቆጠር ይሆናል።

ስለዚህ ለታካሚው ቃልም ያንኑ ደንብ አውርሱት እላለሁ። የሚቀጥለውን ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ጻፉ። ካልቻላችሁና ማታ ከጻፋችሁ፣ «ማታ፣ ከትዝታ የተጻፈ» ብላችሁ ሰዓቱን ጨምሩበት። ያልጠየቃችሁትን «አልጠየቅኩም» በሉ። ይህች ቃል ታሳፍራለች፤ ሆኖም ለሚቀጥለው ባለሙያ ከሁሉ የምትጠቅመው እሷ ናት። ያምናውን ግምገማ ገልብጣችሁ የዘንድሮ ቀን ትሰጡ የነበራችሁም አላችሁ። አውቃችኋለሁ፤ በሎከምነት፣ በተተኪ ፋርማሲስትነት፣ ስዞር ስንት ቤት አይቻለሁ።

«ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ይህ የድሮ ችግር ነው» የሚለኝ ወጣት አይጠፋም። ልጆቼ፣ የሃሮልድ ሺፕማንን ጉዳይ አንብቡ። በማንቸስተር አቅራቢያ ሃይድ በምትባል ከተማ የሠራ ሐኪም ነው፤ በ2000 በ15 ታካሚዎቹ ግድያ ተፈርዶበታል። ካጋለጡት ማስረጃዎች አንዱ የገዛ ኮምፒውተሩ ነበር። ሰዎቹ ከሞቱ በኋላ የቀድሞ ቀን እየሰጠ የሌለ የሕመም ታሪክ አስገብቶላቸዋል፤ ማሽኑ ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ የገባበትን እውነተኛ ቀንና ሰዓት ከሥር ይዞ ነበር። እናንተን ከነፍሰ ገዳይ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፣ እግዜር ያውቃል። የምላችሁ ማሽኑ እንዳይረሳ ሆኖ መሠራቱን ነው። ማርች 31 ቀን መዝጊያው ከወረደ በኋላ በአርባ ደቂቃ ውስጥ የገቡ አሥራ አምስት ግምገማዎችን ለማንበብ ተቆጣጣሪው ፋርማሲስት መሆን አያስፈልገውም።

አሁን ደግሞ የእኛን ሰዎች በሚመለከት። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» መልስ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። እንግሊዛዊው ባልደረባችሁ ይህን ባያውቅ አይፈረድበትም፣ እናንተ ግን ምን ሰበብ አላችሁ? ሰላምታውን ተቀበሉና ወንበር ስቡ። «ትናንት ኪኒኑን ስንት ሰዓት ላይ ዋጡት?» በሉ። «ከምን ጋር?» በሉ። «ጠበል ገብተው ያውቃሉ? ያን ጊዜ መድኃኒቱን ያቆሙታል?» ብላችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ፤ እምነት መንካት አይደለም፣ ጠበል ሲጠመቅ ኪኒኑን አስቀምጦ የሚሰነብት ስንት ሰው እንዳለ ታውቃላችሁ። የስኳር ሕመምተኛዋ ጾም ላይ እያለች መድኃኒቷን በባዶ ሆዷ ትወስደዋለች ወይስ ትዘለዋለች? ሁለቱም ችግር አለው፣ ችግሩ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ከዚያ መልሱን ባሉት ቃል ጻፉት። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልወስደውም፣ ቅዳሴ አለብኝ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአሥር ሳጥን ምልክት የበለጠ ለሐኪሙ ታስረዳዋለች። ማን እንዳስተረጎመም ጻፉ። ልጅ ለእናቷ ስታስተረጉም እናት የማትለው ነገር ይኖራል።

ሌላም አለ። እኛ ትንሽ ማኅበረሰብ ነን፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ሠርግ ላይ እንገናኛለን። የአንዱን የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ያያችሁበት ቅጽ ባንኮኒ ላይ ተገልጦ ከዋለ እሑድ ደጀ ሰላም ይደርሳል። ወረቀቱ የሚቆለፍበት ቦታ ይኑረው፤ ጊዜው ሲያልፍ ተሸርክቶ እንጂ ተጨማድዶ አይጣል። ታካሚው ደግሞ «ስለ እኔ የጻፋችሁትን አሳዩኝ» የማለት መብት አለው፤ በሕጉ በአንድ ወር ውስጥ ማቅረብ አለባችሁ። አንድ ጊዜ ተተክቼ በገባሁበት ቤት የታካሚ ማስታወሻ ላይ «ነዝናዛ ሴትዮ» የሚል አንብቤአለሁ። ሴትዮዋ የነዘነዘችው ኪኒኑ እግሯን ስላሳበጣት ነበር፤ እብጠቱ ግን አልተጻፈም።

ወደ ኤም.ዩ.አር. ልመለስና ፍጻሜውን ልንገራችሁ። በኦክቶበር 2011 ደንቡ ጠበቀ፤ የታካሚው ፊርማ ያለበት ስምምነት ተጠየቀ፣ ከግምገማዎቹም ቢያንስ ግማሹ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሻ መድኃኒት በሚወስዱ፣ ከሆስፒታል በወጡና የመተንፈሻ ሕመም ባለባቸው ላይ እንዲሆን ታዘዘ። በ2015 ያ ግማሽ ወደ 70 ከመቶ ከፍ አለ። በዲሴምበር 2016 የወጣው ሪቻርድ መሬይ የተባለ ባለሙያ ያዘጋጀው የጥናት ሪፖርት አገልግሎቱ እንደገና እንዲቀረጽ መከረ። ከዚያ ጣሪያው ወርዶ በ2019 ወደ 250፣ በመጨረሻው ዓመት ወደ 100 ደረሰና ማርች 31 ቀን 2021 ኤም.ዩ.አር. ተዘጋ። ብዙዎቻችሁ ባለሥልጣኖቹን ትወቅሳላችሁ፤ ባጀት ነው፣ ፖለቲካ ነው ትላላችሁ። እሱም አይጠፋበትም። ግን በየፋይሉ የተከማቸው ቅጽ ለታካሚው ምን እንዳደረገ ሲጠየቅ የምናሳየው ነገር ቢኖረን ኖሮ ማን በቀላሉ ይዘጋው ነበር? ቁጥር ነበረን፤ ታሪክ አልነበረንም። በእኔ ፍርድ የገደልነው እኛው ነን፣ በአራት በአራት ቅጽ፣ በየማታው።

ይህን ሁሉ አሮጌ ነገር ለምን አነሳኸው ትሉኝ ይሆናል። ያው ነገር ስለተመለሰ ነው። በጃንዋሪ 31 ቀን 2024 የተጀመረውን «ፋርማሲ ፈርስት» ሁላችሁም ትሠሩታላችሁ። ጥሩ ነገር ነው፤ ለሰባት ሕመሞች ሰው ሐኪም ሳያይ ከእኛ ይታከማል። ለእያንዳንዱ ምክክር ክፍያ አለ፤ በዚያ ላይ በጅምሩ ዝቅተኛውን ቁጥር ለሞላ ቤት በወር 1,000 ፓውንድ ተጨመረ። በመጀመሪያው ወር የሚጠየቀው አንድ ምክክር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ቁጥሩ እየወጣ ሄደ። መዝገቡም በዕለቱ ወይም በሚቀጥለው የሥራ ቀን ለጂፒው ይደርሳል። እንግዲህ ወሩ ሲያልቅ ሁለት ሦስት የጎደለው ቤት ውስጥ ምን እንደሚታሰብ እኔ ልንገራችሁ? አንቲባዮቲክ ይሰጥ አይሰጥ የሚወስነውን የጉሮሮ ሕመም ውጤት አንድ ነጥብ ከፍ አድርጎ መጻፍ ቀላል ነው። ያ አንድ ነጥብ ግን የማያስፈልግ አንቲባዮቲክ ነው፤ ጂፒውም ነገ የሚያምነው ያንኑ ነው።

አለቃችሁ «ዛሬ ስንት?» ብሎ ሲደውል የሠራችሁትን ንገሩት። ያልሠራችሁትን ከጠየቀ በጽሑፍ እንዲጠይቃችሁ ለምኑት፤ ብዙዎቹ አይጽፉትም። ፈቃዱ የእናንተ ነው፣ ፊርማው የእናንተ ነው፤ ተቆጣጣሪው ምክር ቤት ፊት የሚቆመው የደወለው ሰው አይደለም።

ለአዲስ አበባው ልጅ ቅጹን አልላክሁለትም። በምትኩ ይህን ጽሑፍና አንድ ምክር ልኬለታለሁ፦ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሳጥን የሌለበት ተራ ደብተር ያዝ፤ ቀን፣ መድኃኒቶቹ፣ የጠየቅከው ጥያቄ፣ ሰውየው ያለው ቃል፣ ያልጠየቅከው፣ ፊርማህ። ስንት ሠራህ የሚልህ ካለ ደብተሩን አንድ ገጽ አንብብለት። ሳጥኖቹን ኋላ ላይ ከደብተሩ ራስህ ታወጣቸዋለህ። «ሰንጠረዥ ይበልጥ ያምር ነበር» ሲል መለሰልኝ፤ ወጣት ነው።

ሁዳዴ ደጃፍ ላይ ነው፤ የሒሳብ ዓመቱም አብሮ ይዘጋል። ዋርፋሪን የሚወስዱ ጾመኞች ደንበኞች ካሏችሁ በዚህ ሳምንት ደውሉላቸው። በሳምንት ስንት ቀን ጎመን እንደሚበሉ፣ ፋሲካ ሲፈታ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቋቸው፤ ጎመኑን ተዉ አትበሏቸው፣ መጠኑን አንድ ዓይነት ያድርጉት እንጂ። ያሉትን በራሳቸው ቃል ጻፉና ከፋሲካ በፊት ለክሊኒኩ አድርሱት።